የደምሴ ቢላ

ልጄ ሰብለ «አባዬ፣ የቢላ ኤግዚቢሽን አለ» ስትለኝ እየቀለደች መሰለኝ። የመኪና፣ የአበባ፣ የሠርግ ዕቃ ኤግዚቢሽን አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የቢላ ግን እኔ ልሙት ሰምቼ አላውቅም። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አስጠግታ አሳየችኝ። ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ቢላና ሰንጢ፣ ጎራዴና ጩቤ የሚሰበስቡ ሰዎች ይገናኛሉ፣ ይገዛዛሉ ይላል። ሰብሳቢ ከተባለ እንግዲህ እኔም አለሁበት። አልጋዬ ሥር በአሮጌ ሸሚዝ የተጠቀለሉ ጥቂት ቢላዎች አሉኝ። አብዛኞቹ ከቆራሌዮች ላይ በርካሽ የለቀምኳቸው ናቸው፤ ግማሾቹ ሽንኩርት እንኳ አይቆርጡም። ሰብለ ቤት ስታጸዳ ባገኘቻቸው ቁጥር «አባዬ በስተርጅና ሊሸፍት ነው» ትላለች። ትሳቅ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ እኔ ደግሞ የያዝኩት ቢላ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ቢላ መሰብሰብ የጀመርኩት ቢላ ወድጄ አይደለም። ደምሴን ፍለጋ ነው። ደምሴ ጎረቤቴ ነበር። ጎረቤት ማለትም ያንሰዋል። ኮልፌ ከአጠና ተራ ገባ ብሎ በነበረው ግቢያችን የእሱን ቤትና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱ ወዲያ ሲያስነጥስ እኔ ወዲህ ሆኜ «ይማርህ» እላለሁ። እሱ ጋራዥ ነበር የሚሠራው። እኔ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት እቆርጥ ነበር፤ ያ የቆዳ ቦርሳ ትከሻዬን አጉብጦት እስከ ዛሬ ወደ ግራ አዘነብላለሁ። ማታ ማታ ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሰማያዊ ቱታውን እንኳ አያወልቅም፣ እጁ የሞተር ዘይት ይሸታል፣ ጸጉሩን ግን እንደ ሙሽራ አበጥሮ ነው። ያን ጊዜ ሱሪ ከታች ሰፊ፣ የሸሚዝ ኮሌታ እስከ ትከሻ የሚደርስ ነበር፤ እሑድ ለብሰነው ስንወጣ የግቢው ሴቶች «መሬቱን ጠረጋችሁት» እያሉ ይስቁብናል። ከፌርማታው እስከ ግቢያችን ድረስ ያሉት ሻይ ቤቶች ቴፕ ይከፍታሉ፤ አንዱ ዘፈን ከአንዱ ሻይ ቤት ጀምሮ ሌላው ጋ ሲደርስ ያልቃል። በስሙኒ ሻይ በብስኩት ጠጥተን መልስ ይሰጠን ነበር። ይህን ለሰብለ ስነግራት ተረት የምነግራት ይመስላታል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደምሴ ቢላ ይሠራል። ከጋራዡ የተሰበረ ባሌስትራ ያመጣል፤ ከባድ መኪና ሥር የሚገባውን ያንን ድርብርብ ብረት ማለቴ ነው። በከሰል ያግለዋል፣ ይቀጠቅጠዋል፣ ይስለዋል፣ ከዚያ የወይራ እጀታ ያበጅለትና በሦስት የመዳብ ምስማር ይመታዋል። ሌላ ጌጥ የለውም፤ ወይራ፣ ሦስት ምስማር፣ በቃ። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሠርቷል። ለእኔና ለራሱ የሠራቸው ግን ከአንድ ባሌስትራ ለሁለት የተከፈሉ ነበሩ። ለራሱ ሊጨርስ ሲል መካከለኛው ምስማር አነሰበት። ዙሪያውን አየና ከትኬት ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት አምስት ሳንቲም አወጣ፤ ቀጥቅጦ ከምስማሩ ቦታ ከተታት። «ደምሴ፣ የመንግሥት ሒሳብ እኮ ነው» አልኩት። «መንግሥት እኔ ቤት መጥቶ ይቁጠራት» አለ። ሰውየው እንዲህ ነበር።

ቢላው የሚወጣው ለቅርጫ ነው። ዛሬ ልጆች ሥጋ ከሱፐርማርኬት በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲያዩ አድገዋልና ልንገራችሁ። በዓል ሲደርስ የግቢው አባወራዎች ገንዘብ አዋጥተን አንድ በሬ እንገዛለን። ያኔ አንድ ሙሉ በሬ፣ ከነቀንዱ፣ የተገዛበት ብር ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። በሬውን ሌሊቱን አጥሩ ሥር አስረን፣ ጠዋት ጥለን፣ ቆዳውን ዘርግተን፣ ቅጠል ጎዝጉዘን ሥጋውን በመደብ በመደብ እናደርገዋለን፤ ከሽንጡም ከዳቢቱም ከሻኛውም ከጉበቱም ለሁሉም እኩል እንዲደርስ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቢላ ይዞ ይመጣል። በሰው ቢላ ቅርጫ መግባት ነውር ነው፤ ቢላህን ያልያዝክ እንደሆነ እንግዳ ነህ፣ ጥግ ይዘህ ትቆማለህ። ከዚያ ዕጣ ነው። አንዱ ቁልፍ ይሰጣል፣ አንዱ ጠጠር፣ እኔ የትኬት ቁራጭ፤ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ያኖራል። ለማን ሻኛው ደለበ፣ ለማን አጥንቱ በዛ እያልን ስንጨቃጨቅ ጉበቱ በሚጥሚጣ ያልቃል።

ባለቤቴ ያረፈችው ለፋሲካ ጥቂት ሲቀር ነው። ድንኳኑን የተከለው ደምሴ ነው፣ ቀብሩን ያስፈጸመው ደምሴ ነው፣ ከእኔ ጋር ወለል ላይ ያደረው ደምሴ ነው። በዓሉ ደርሶ ሰው ሁሉ «ጌታነህ ዘንድሮ ቅርጫ አይገባም» ሲል እሱ ወደ ቤቴ ገብቶ ቢላዬን ከመደርደሪያው አወረደ። እኔን አስቀምጦ በቀኙ የእሱን፣ በግራው የእኔን ቢላ ይዞ ወጣ፤ መጀመሪያ የእኔን መደብ፣ ከዚያ የእሱን ሠራ። አስካለ፣ ሚስቱ፣ ሥጋውን ቀቅላ ለሰብለ አጎረሰቻት። እኔ ያን ቀን ካልሞትኩ በሌላ አልሞትም ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ቀን ጎደለብን። ሰፈራችን ለልማት ይፈለጋል ተባለ፤ በጋ ነበር፣ አቧራው ትዝ ይለኛል። አጥሩ ፈረሰ፣ ግድግዳው ወደቀ፣ እድሩም ንብረቱን ተካፍሎ ተበተነ። ደምሴ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። እኔና ሰብለ ዘነበወርቅ ቤት ተከራየን። ዕቃው አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሳለ ደምሴ ከላይ ሆኖ «ለፋሲካ ቅርጫው እኔ ዘንድ ነው፤ ቢላህን ይዘህ ትመጣለህ» አለኝ። «የት እቀራለሁ» አልኩት። ቤቱን ሲገባ ደውሎ ሊነግረኝ ነበር። ደወለም፤ አንድ ሁለቴ አወራን፣ ገና ቁልፍ እየጠበቅን ነው፣ ዘመድ ቤት ነን አለኝ። ከዚያ ጦር ኃይሎች ታክሲ ስሳፈር አንዱ ሌባ ስልኬን ላፍ አድርጎብኝ ሄደ። ሲም ካርዱን ላስመልስ ብሄድ በእኔ ስም አይደለም፤ ድሮ የወንድሜ ልጅ በራሱ መታወቂያ አውጥቶ የሰጠኝ ነው፣ ልጁ ደግሞ አገር ውስጥ የለም። አይቻልም አሉኝ። የደምሴ ቁጥር ያለው እዚያው የተሰረቀው ስልክ ውስጥ ነው። በእኛ ጊዜ የሚደውሉበትን ቁጥር በቃል ነበር የሚይዙት፤ ስልኩ ያዘልን ብለን እኛ ተውነው።

ፈልጌዋለሁ። ሰፈሩን ካወቁ ቤቱ አይጠፋም ብዬ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ፎቁ አገር ምድሩን ሞልቶታል። ጥበቃውን «ደምሴ የሚባል፣ መካኒክ፣ ከኮልፌ የመጣ» ስለው «ብሎክ ስንት?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። «ታዲያ እኔ እንዴት ልወቅ አባት» አለኝ፣ ልክ ነው። ሱቅ ጠየቅኩ፣ ወፍጮ ቤት ጠየቅኩ፣ ደብሩ በር ላይ ቆሜ ከቅዳሴ የሚወጣውን ሰው ሁሉ አየሁ። ሰብለ «ፌስቡክ ላይ ልፈልግልህ» አለች፤ ደምሴና ፌስቡክ! በሌላ ጊዜም፣ በሌላ ጊዜም ሄድኩ። ጉልበቴ እንቢ ሲል ተውኩ።

ያኔ ነው ቢላው ትዝ ያለኝ። ደምሴ እስትንፋሱ እስካለ ድረስ ቢላ መሥራት አይተውም። የሠራው ቢላ ደግሞ አንድ ቦታ ይሸጣል፤ የሚሸጠው ሰው ደምሴ የት እንደሚኖር ያውቃል። እንዲህ ብዬ ነው ቆራሌ ባየሁ ቁጥር ከረጢቱን የማስከፍተው። ወይራ እጀታ፣ ሦስት የመዳብ ምስማር። እስካሁን አላገኘሁም ነበር፤ ከረጢቱን ካስከፈትኩ በኋላ ግን ባዶ እጄን መመለስ እያፈርኩ ያገኘሁትን እገዛለሁ። እንዲህ ሆኜ ሰብሳቢ ሆንኩላችሁ።

ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። ሰብለ መክራኛለች፤ «መጀመሪያ አዳራሹን ዙረህ ጨርስ፣ ከዚያ በፊት ብር እንዳታወጣ» ብላኛለች። መግቢያ ያስከፍላሉ። በሩ ላይ አንድ ጎረምሳ እጄን በማኅተም መታኝና ገባሁ። ሽታው ነው መጀመሪያ የተቀበለኝ፤ የብረት ዘይት ሽታ። ደምሴ ከጀርባዬ የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ጠረጴዛዎቹ ላይ ቀይ ከፋይ ተነጥፎ ቢላው በየተራው ተደርድሯል። የአፋር ጊሌ አለ፣ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ነው የተባለ ጎራዴ አለ፣ ከውጭ የመጣ፣ በአንድ ጣት ጠቅ ሲያደርጉት ብቅ የሚል ሰንጢ አለ። የአንዱን ዋጋ ብጠይቅ የወር ጡረታዬን ያለ መልስ ጠርጎ የሚወስድ ነው። ወጣቶቹ ግን ልብ ያላቸው ናቸው። ሳይጠይቁ አያነሱም፣ ስለቱን በጣት አይነኩም፣ አንዱ ስለ ብረት ዓይነት ሲያወራ ሌላው አፉን ከፍቶ ይሰማል። «አባባ፣ እርስዎ ምን ይሰበስባሉ?» አሉኝ። «የባሌስትራ» አልኳቸው። አልሳቁብኝም፤ እንዲያውም የባሌስትራ ብረት ምርጥ ነው ብለው ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ መሩኝ፤ ርካሹና የአገር ቤቱ እዚያ ነው አሉ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ አየሁት። መጀመሪያ ያየሁት ወይራውን ነው፣ ከዚያ ምስማሩን። ልቤ ጮቤ ረገጠ። አዎ፣ እዚያ ሰው መሐል ብቻዬን ሳቅኩ። «ይኸው፣ አገኘሁህ አንተ ሽማግሌ» አልኩ ጮክ ብዬ። ባለ ጠረጴዛው አቤል የሚባል መልከ መልካም ልጅ ነው፣ አብሮኝ ሳቀ። ከየት እንደገዛው ልጠይቀው፣ ዛሬውኑ ታክሲ ልይዝ፣ አስካለን «ሥጋ ቀቅይ» ልላት አሰብኩ። ልጁ ቢላውን አንስቶ ሊያቀብለኝ ሲል «አስቀምጠው፤ ቢላ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም፣ ያጣላል» አልኩት። አስቀመጠው። እኔ አነሳሁት።

መካከለኛው ምስማር ምስማር አልነበረም። አምስት ሳንቲሟ ናት፤ አንበሳው በእጅ ብዛት ጠፍቷል።

ደምሴ ለሰው የሠራውን ይሸጣል። የራሱን ቢላ ግን አይሸጥም። ቢርበው አይሸጥም። ይህን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ሰው እስኪነገረው ድረስ ተስፋ አይቆርጥም፣ ጠየቅኩት።

«ከማን ነው የገዛኸው የኔ ልጅ?»

«ከአንዲት እናት ነው። የባለቤታቸው ነበር።»

«ባለቤቷስ?»

«አርፈዋል። ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም።»

በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ይሄዱበታል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ አንድ ጠንካራ ሰው ከኋላው ይቆማል፣ ሽማግሌው «እስቲ አረፍ በል» ይላል፤ ያ ቃል ሲሰማ ሰውየው ያውቃል፣ ሲወድቅ የሚይዘው አለ። እኔ የወንድሜን መርዶ በጠራራ ቀን፣ ሙዚቃ በተከፈተበት አዳራሽ፣ ከዋጋ ወረቀቱ ጋር ሰማሁ። ልጁ ምን ያድርግ? መርዶ መናገሩን አላወቀም። ፊቴን ሲያይ ግን ደነገጠ፤ ወንበሩን ሰጠኝ፣ ውኃ አመጣልኝ። «ያውቋቸዋል እንዴ አባቴ?» አለኝ። ወንድሜ ነው አልኩት። ቢላውን ይውሰዱት፣ ገንዘብ አልፈልግም አለኝ። አይ አልኩት። ቢላውን ምን ላድርገው? የፈለግኩት ሰውየውን እንዲያሳየኝ ነበር። ቤታቸውን ንገረኝ አልኩት። ብሎኩን፣ ፎቁን፣ የበሩን ቁጥር ነገረኝ። ያ ሁሉ ዓመት የቸገረኝ ይህ ቁጥር ነበር።

በማግስቱ ሰብለ እየደገፈችኝ ሄድን። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሻለሁ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከሩቅ «ወንድሜን» እያለ ነው የሚገባው፣ ጎረቤቱ ሰምቶ እንዲያግዘው። እዚያ ግን ደረጃ ነው። ልጆች ይሯሯጣሉ፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው፣ አንዷ ከላይ ልብስ ታሰጣለች። ጩኸቴን በጉሮሮዬ ይዤ ወጣሁ። ዓመት ላለፈው ሰው በእንግዳ ደረጃ ላይ ማን ያግዘኛል? ሰብለ አንኳኳች።

አስካለ ከፈተች። ከስታለች፣ ጥቁር ለብሳለች። ሰብለን አየች፣ እኔን አየች። አልሳመችኝም፣ አላለቀሰችም። የበሩን መቃን ይዛ በስመ አብ ብላ አማተበች።

«ጋሽ ጌታነህ ነህ?» አለችኝ።

«ነኝ» አልኳት።

«አንተን እኮ አልቅሰንሃል» ብላ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች።

ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ሰማሁ። ቤቱን እንደገቡ ደውሏል፤ ስልኬ አይሠራም። ነጋ ጠባ ደውሏል። ኮልፌ ሄዶ የቆርቆሮ አጥር ብቻ አግኝቷል። ለመጀመሪያው ፋሲካ በሬ አስገዝቶ፣ መደብ አስለይቶ፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠብቆኛል። ለሁለተኛውም እንዲሁ። ከዚያ «ጌታነህ በሕይወት ቢኖር ከእኔ ቅርጫ አይቀርም ነበር» አለ፤ በቃ፣ በዚያ አመነ። ጥቁር ለበሰ፣ ወለል ላይ ተቀመጠ። ስሜን ሰምተው የማያውቁ የፎቅ ጎረቤቶች እየመጡ አጽናኑት። ክርስትና ስሜን የሚያውቅ ከሟች ባለቤቴ ሌላ እሱ ብቻ ነበርና ደብሩ ሄዶ ለነፍሴ ጸሎት አስደረገ። በየዓመቱም ተዝካሬን አወጣ፤ አስካለ ጠላዬን ጠምቃለች፣ ድፎዬን ደፍታለች። እኔ በሕይወት ቁጭ ብዬ፣ ለእሱ አንዲት ጧፍ እንኳ ሳላበራለት።

ሰብለ ታለቅሳለች። እኔ እንባዬ አልመጣ አለኝ። እንዴት ሞተ ብዬ ጠየቅኩ። ሳንባው ነው አለችኝ፤ ብዙ አልተኛም። መጨረሻው ላይ አጠገቡ ሆና ስታለቅስ እጇን ይዞ ተቆጣት።

«‹አታልቅሺ አስካለ› አለኝ። ‹ብቻዬን አይደለሁም። ጌታነህ ቀድሞኛል፣ እሱ ይቀበለኛል።› ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

ይቀበለኛል ብሎ ሄደ። እኔ ዘነበወርቅ ነበርኩ።